ፊልምና ቪዲዮ ለእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት፤ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ክፍሎች የተገኘ ልምድ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ፊልምና ቪዲዮ እንግሊዝኛን ለማስተማር ስለሚሰጡት ጥቅም ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ አመንትቼ ነበር። ምክንያቴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ እኔ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ ከ30 ዓመት በላይ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጠመኔ ይዤ የኖርሁ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ሁለተኛ፣ በዚህ ርእስ ላይ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መሣሪያው ብቻ ይሆንና ስለ ተማሪው ሳይነሣ ስብሰባው ይበተናል። ኋላ ግን አሰብሁበት። በእኔ ክፍል ውስጥ ውድ መሣሪያ ተሰቅሎ ተማሪው ያልተማረበት ዘመን ነበር፤ መሣሪያው ከመዳፍ የማይበልጥ ሆኖ ሳለ ዝምተኛው ተማሪ አፉን የፈታበት ቀንም ነበር። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ ብናገር ለባልደረቦቼ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ቀረብሁ።

ልናገር የመጣሁት ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጠቃለል ነው። ፊልም ቋንቋ የሚያስተምረው መምህሩ ሊያቆመው ሲችል ነው። የቀረው ንግግሬ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር ያህል፣ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው የታወቀ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ፕሮግራም መታየት ጀመረ። ከዋና ከተማው ርቆ ለነበረው ተማሪ ደግሞ ሬዲዮ የእንግሊዝኛን ድምፅ ሲያሰማ ኖሯል። የእኔ እኩዮች የሆናችሁ ሁሉ መምህራችን ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ አንቴናውን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ዝም ብላችሁ ስሙ» ይለን እንደ ነበር አትረሱትም።

ይህ ሁሉ ድካም ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእኛ አካባቢ እንግሊዝኛ መንገድ ላይ የለም። ከምዕራብ ጎጃም ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም የሚመጣ ተማሪ በገበያው አማርኛ ይሰማል፤ ወደ ቡሬና ከዚያም ወዲያ ወደ አዊ ሲዘልቅ አገውኛ ሊሰማ ይችላል። እንግሊዝኛ ግን የሚያገኘው በመድኃኒት መያዣ ላይ፣ በሱቅ ሰሌዳ ላይና በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ነው። በ8ኛ ክፍል እንግሊዝኛ ለእርሱ አንድ የትምህርት ዓይነት ነበር። በ9ኛ ክፍል ግን ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። አንድ ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ትናንት ከሸክሙ አንዱ የነበረው ቋንቋ ዛሬ ሸክሙን ሁሉ የሚጭኑበት አጋሰስ ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ልጅ ቤት ተከራይቶ፣ በየሳምንቱ ከወላጆቹ ቤት ስንቁን ተሸክሞ እየመጣ የሚማር መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እንግዲህ እንግሊዝኛ በማይነገርበት አገር እንግሊዝኛ የሚነገርበትን ዓለም በሥዕልና በድምፅ አምጥቶ ማሳየት እንደ ተስፋ ቢታይ የሚያስደንቅ አይደለም።

ይህ ተስፋ በትልቁ የተሞከረው በ1997 ዓ.ም. ነው። «ፕላዝማ» ብለን የምንጠራው የሳተላይት ትምህርት በዚያ ዓመት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ገባ። ፕሮግራሙ በደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ ከሳተላይት በዲሽ ተቀብለነው፣ በየክፍሉ በብረት ሣጥን ውስጥ በተቆለፈው ሰፊ ቴሌቪዥን ይታይ ነበር። እንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና ሥነ ዜጋም በዚሁ መንገድ ይሰጡ ነበር። ከክፍለ ጊዜው ውስጥ 30 ደቂቃ ያህሉን ፕላዝማው ይወስድ ነበር። ለመምህሩ የሚተርፉት በመግቢያና በመደምደሚያ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ።

በፕላዝማ ላይ የሚወረደውን ወቀሳ ሁሉ ልደግም አልመጣሁም። ለሚገባው ምስጋና ልስጥ። ላቦራቶሪ አይቶ የማያውቅ ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ አይቷል። እንግሊዝኛን ከእኔ አፍ ብቻ ይሰማ የነበረ ተማሪ፣ የእኔ አነጋገር ብቸኛው እንዳልሆነ ተረድቷል። በአዲስ አበባ ያለው ተማሪና በገጠር ያለው ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት እንዲያገኙ የታሰበው ሐሳብም በራሱ መልካም ነበር። ነገር ግን ይኸው «በአንድ ሰዓት» የሚለው ነገር ጉዳት ነበረው። ከሳተላይት የሚመጣው ሥዕል ለማንም አይቆምም። ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ይሄዳል፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የጠፋውን ትቶ ከደረሰበት ይቀጥላል፤ በማግሥቱም የትናንቱን አይመልስም።

በዚህ ጊዜ የደረሰብኝን፣ ይልቁንም በእኔ ምክንያት የደረሰውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። የ9ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነበር። ከኋላ ተርታ የምትቀመጥ፣ ከገጠር የመጣች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ በተርታ የተተከሉ የፍራፍሬ ዛፎች ይታያሉ፤ አስተማሪዋም ስለ እነርሱ ፈጠን ብላ ትናገራለች። ልጅቱ «መምህር፣ ይህ የምትለው ቃል ምን ማለት ነው?» አለችኝ። እኔም ጣቴን በከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም እንድትል አመለከትኋት። ክፉ ማሰቤ አልነበረም፤ ለእርሷ ብመልስ ከ60 በላይ የሚሆኑት ሌሎች ተማሪዎች የሚቀጥለው ያመልጣቸዋል ብዬ ነው። «በኋላ እነግርሻለሁ» አልኋት። በኋላ ግን መደምደሚያውን ሳልጨርስ ደወል ተደወለ፤ እኔም ወደ ሌላ ክፍል ሄድሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ደብተር ሰብስቤ ሳርም የእርሷ ደብተር እጄ ገባ። በዚያን ቀን ገጽ ላይ የሰማችውን ሁሉ በአማርኛ ፊደል ጽፋዋለች። ቃላቱ ተቆራርጠዋል፤ አንዱ ከሌላው ተጣብቋል፤ ትርጉም ያለው ነገር የለበትም። ከመካከላቸው አንዱን «ኦቸድ» ብላ ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። የጠየቀችኝ ቃል ይህ ነበር፤ ትርጉሙም የፍራፍሬ ተክል ቦታ ማለት ነው። ልጅቱ የመጣችው ማንጎ ከሚተከልበት ቀበሌ ነው፤ አባቷም የማንጎ ተክል አላቸው። ቃሉ የሚናገረው ስለ ራሷ ደጅ ነበር። ሥዕሉን አቁሜ «አባትሽ ያላቸው ማለት ነው» ብላት ኖሮ አሥር ሰኮንድ አይፈጅብኝም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በክፍሌ ውስጥ እጇን ስታወጣ አላየሁም። በሚቀጥለው መስከረምም ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰችም። ትምህርቷን የተወችው በዚያ አንድ ቃል ነው አልልም፤ ለገጠር ልጅ፣ ይልቁንም ለሴት ልጅ፣ ትምህርት የሚያስተዉ ብዙ ምክንያቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። የጠየቀችው እኔን እንደ ነበረና እኔም እንዳልመለስሁላት ግን አልረሳም።

ይህ ነገር ስለ ምን እንደ ሆነ ብዙ አሰብሁ። ንባብና ማዳመጥ የተለያዩ ናቸው። የሚያነብ ሰው ያልገባው ቃል ሲገጥመው ቆም ይላል፤ ዓይኑን ወደ ኋላ መልሶ መሥመሩን ይደግማል። የሚሰማ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ትርጉም ሲፈልግ ሁለተኛው ያልፈዋል፤ ሁለተኛውን ልያዝ ሲል ሦስተኛው ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ጆሮው ይሰማል እንጂ ልቡ አያዳምጥም። ሥዕሉ ደግሞ ዓይኑን ስለሚስበው ከውጭ ለሚያየው ሰው ተማሪው የተመሰጠ ይመስላል። ጸጥ ያለ ክፍል ሁሉ የሚማር ክፍል እንዳልሆነ የተረዳሁት በዚያ ዘመን ነው።

በጎጃም ያደግን ሰዎች ይህን ከእኔ ይልቅ ከየኔታ ልንማረው በተገባን ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ስንቆጥር ስንደዶ ይዘን በየፊደሉ ላይ እየጠቆምን ነበር። ስንደዶው በፊደሉ ላይ ይቆማል፤ ልጁ ፊደሉን በትክክል እስኪጠራ ድረስ አይነቃነቅም፤ ከተሳሳተም ወደ ኋላ ይመለሳል። የኔታ ፈጣኑንም ዘገምተኛውንም በአንድ ስንደዶ አልነዱም። ለፊልም የሚያስፈልገው ስንደዶ የማቆሚያው ቁልፍ ነው። ፕላዝማ ብዙ ነገር ይዞልን መጥቷል፤ ያልነበረው ስንደዶ ነው።

በሌላው ዓለም ተሳክቶላቸዋል የሚባሉትን ብንመለከት ይኸው ነገር ይታያል። የእንግሊዝ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. እ.ኤ.አ. በ1979 «ፎሎው ሚ» የተባለ የእንግሊዝኛ ትምህርት በቴሌቪዥን አቅርቦ ነበር። ይህ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በቻይና ሲታይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ተከታትሎታል። ትምህርቱ በአጫጭር ትርኢቶች የተከፋፈለ ነበር፤ አንዱ አባባል በልዩ ልዩ ሁኔታ ተደጋግሞ ይመጣል፤ ተመልካቹም መጽሐፍ ነበረው። በቴሌቪዥን ያመለጠውን በመጽሐፉ ላይ ያገኘዋል ማለት ነው። በፈቃዱ በቤቱ የሚመለከት ጐልማሳና ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቋንቋ የሚመዘን የ9ኛ ክፍል ተማሪ እኩል እንዳይደሉ አውቃለሁ፤ ሆኖም ማሳጠር፣ መድገምና ወደ ኋላ መመለስ ለሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ወደ ራሴ ክፍል ልመለስ። ከፕላዝማው ዘመን ጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ባልደረባዬ ላፕቶፕ ገዛ። አንድ ቀን ለምኜው ወደ ክፍሌ ወሰድሁትና «ሚስተር ቢን» ከተባለው አስቂኝ ፊልም ሁለት ደቂቃ ያህል አሳየሁ። በዚያ ፊልም ውስጥ ዋናው ተዋናይ ሮዋን አትኪንሰን እምብዛም አይናገርም። ቋንቋ ላስተምር ብዬ ንግግር የሌለበት ፊልም መምረጤ ባልደረቦቼን አስቋቸው ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር ልፈትን ፈልጌ ነው። ሰውየው አንድ ሞኝነት ሊሠራ ሲል ፊልሙን አቆምሁትና በእንግሊዝኛ «ቀጥሎ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከመካከል አንድ ልጅ «ሂ ዊል ፎል» አለ። ሌላው «ኖ!» ብሎ ተነሣ። ከዚያ በኋላ ለመናገር የሚሽቀዳደሙትን በተራ ማስተናገድ አቃተኝ። ግሡ የተሳሳተ ነበረ፤ መስተዋድዱ የጠፋ ነበረ፤ ነገር ግን ለዓመታት በመልመጃ ደብተር ውስጥ ታስሮ የኖረ እንግሊዝኛ በዚያ ቀን ከአፍ ወጣ።

ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ንግግር በሌለበት ፊልም ፊት ሁሉም ተማሪ እኩል ነው። የከተማው ልጅና የገጠሩ ልጅ ያዩት አንድ ነው፤ የሆነውን ነገር ሁለቱም ተረድተውታል። የጐደለው ቋንቋው ብቻ ነው፤ እርሱን ደግሞ የሚያመጣው ተማሪው ራሱ ነው። ፕላዝማው እንግሊዝኛን ወደ ጆሮ ያፈስ ነበር፤ የቆመው ሥዕል ግን እንግሊዝኛን ከአፍ ያወጣል። የቻርሊ ቻፕሊን ድምፅ አልባ ፊልሞችም ለዚሁ ያገለግላሉ።

ከዚያ ወዲህ ባደረግሁት ሙከራ የጸኑልኝን ጥቂት መንገዶች በአጭሩ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ቁራጩ አጭር ይሁን። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ከሦስት ደቂቃ የበለጠ ፊልም አላሳይም። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ለመዝናናት መልካም ነው፤ ለትምህርት ግን ጊዜ ይበላል፤ መምህሩንም ሥራ ፈት ያደርገዋል። ሦስት ደቂቃው ሦስት ጊዜ ይታያል። መጀመሪያ ያለ ድምፅ ይታይና ተማሪዎች ሰዎቹ ምን እንደሚነጋገሩ ይገምታሉ፤ የገመቱትንም በሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ። ቀጥሎ በድምፅ ይታይና ግምታቸው ከእውነተኛው ንግግር ጋር ይተያያል። በመጨረሻ በየዐረፍተ ነገሩ እየቆመ ይታያል። ተማሪው የገመተውን ነገር ሲያዳምጥ ጆሮው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ስለዚህም የሚሰማው ይበዛል።

ሁለተኛ፣ ክፍሉን ለሁለት መክፈል ነው። ግማሾቹ ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ፣ ግማሾቹ ጀርባቸውን ወደ ሥዕሉ አድርገው ይቀመጣሉ። የሚያዩት ለማያዩት ጓደኞቻቸው የሚሆነውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ይነግራሉ። በመካከል ቦታ ይለዋወጣሉ። ተማሪው የሚናገረው መምህሩን ለማስደሰት ሳይሆን የሚያውቀውን ለማያውቅ ሰው ለማስታወቅ ስለሆነ ንግግሩ እውነተኛ ንግግር ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ሥዕሉን ሸፍኖ ድምፁን ብቻ ማሰማት ነው። እኔ ጋቢዬን በላፕቶፑ ላይ እጥልበታለሁ። ተማሪዎቹ ስንት ሰው እንደሚናገር፣ የት እንዳሉ፣ ተቈጥተው ይሁን ተደስተው ከድምፁ ይለያሉ። ከዚያ ጋቢው ሲነሣ የሚሰማው ሳቅና የሚነሣው ክርክር ሌላ ትምህርት ነው።

አራተኛ፣ የአገራችንን ፊልም ከሥሩ ከተጻፈለት የእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር መጠቀም ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2001 ዓ.ም. በዋጋዱጉ በፌስፓኮ የፊልም በዓል ከፍተኛውን ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው፤ የታሪኩም አንዱ ክፍል በጣና ሐይቅ ዳር በሚገኝ ገጠር ይፈጸማል። እንዲህ ያለውን ፊልም ጥቂት ደቂቃ አሳይቼ፣ «በአማርኛው ውስጥ ያለው፣ በእንግሊዝኛው ጽሑፍ ውስጥ የጠፋው ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ተማሪዎቹ ፈጥነው የሚያገኙት «አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» ሁሉም በእንግሊዝኛ አንድ «ዩ» መሆናቸውን ነው። «ታዲያ እንግሊዞች ሽማግሌ አያከብሩም?» ብሎ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ከዚህ ጥያቄ ተነሥተን እንግሊዝኛ አክብሮትን በምን እንደሚገልጽ፣ ማለትም በጥያቄ መልክ በመለመን፣ «ኩድ» እና «ዉድ» በሚሉት ቃላት፣ በማዕረግ ስም መጥራት፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተማርን። ይህን ሰዋስው ከመጽሐፉ ባስተምረው ማንም አይጠይቀኝም ነበር።

አምስተኛውና ከሁሉ የበለጠው፣ ተማሪው ራሱ ፊልም እንዲያነሣ ማድረግ ነው። ቡሬ ሳስተምር አንድ ቡድን በአንድ የእጅ ስልክ የበርበሬን ነገር አንሥቶ መጣ። የቡሬ በርበሬ የታወቀ ነውና ልጆቹ የሚያውቁትን ነው ያነሡት፤ ሲለቀም፣ በፀሐይ ሲሰጣ፣ ሲመረጥ፣ በጆንያ ሆኖ ገበያ ሲደርስ። ሥዕሉ ሦስት ደቂቃ ነው፤ የእንግሊዝኛውን ንግግር ለመጻፍና ለማንበብ ግን ሁለት ሳምንት ደከሙ። «ማስጣት»ን በእንግሊዝኛ ለመግለጽ አንድ ቃል አልበቃ ቢላቸው በአንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ገለጹት። ያ ዐረፍተ ነገር በዓመቱ ውስጥ ከሰማሁት እንግሊዝኛ ሁሉ የተሻለ ነበር፤ ከየትም አልተገለበጠምና።

በዚያ ሳምንት የአንዱ ተማሪ አባት ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። በትራቸውን ተደግፈው በር ላይ ቆሙና «መምህር፣ ልጄን የላክሁት ለትምህርት ነው ወይስ ለፊልም?» አሉኝ። የቪዲዮ ቤት ነገር አስግቷቸው ነበር፤ ስጋታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ከክፍል እየቀሩ በቪዲዮ ቤት የሚውሉ ልጆች ነበሩና። «አባቴ፣ ይግቡና ይመልከቱ» ብዬ አስቀመጥኋቸው። ልጃቸው በበርበሬው ሥዕል ላይ በእንግሊዝኛ ሲናገር ሰሙ። ሲጨርስ ወደ እኔ ዞር ብለው «ምን ምን እንዳለ ባልሰማም፣ ስለ በርበሬው እንደሚናገር ገብቶኛል። አንድ ነገር ግን ተሳስቷል፤ እንዲያ ቶሎ አይነሣም፣ ገና እርጥብ ነው» አሉኝ። ልጆቹም በማግሥቱ አስተካክለው አነሡት። እንግሊዝኛ የማያውቁ አባት የእንግሊዝኛ ሥራ ሲያርሙ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ለክፍል የማቀርበውን ሁሉ አስቀድሜ እስከ መጨረሻው ሳላይ አላቀርብም፤ የሚጠይቅ ወላጅ ካለም አሳያለሁ።

በዚህ አሠራር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የመጀመሪያው የመሣሪያ እጥረት ነው። ለዚህ መልሴ አጭር ነው። አንድ የእጅ ስልክ፣ አንድ ትንሽ የድምፅ ማጉያና አንድ ሚሞሪ ካርድ ለመጀመር ይበቃሉ። ክፍሉ ሰፊ ከሆነ ተማሪዎቹ በቡድን እየተፈራረቁ ያያሉ፤ ሌሎቹ በዚያው ጊዜ ይጽፋሉ። ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ መብራትም ቢጠፋ አስቀድሞ የተሞላ ባትሪ አንድ ቀን ያውላል።

ሁለተኛው የፈተና ነገር ነው። «ፈተናው ንግግር አይፈትንም፤ መጽሐፉን መጨረስ አለብን» ይባላል። እውነት ነው። ነገር ግን የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችንም ደንግጠን ሰምተናል። ለዚህ ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ቋንቋው ብቻ ነው ብሎ መናገርም ድፍረት ነው። ሆኖም ጥያቄው የተጻፈበትን ቋንቋ በሚገባ ያልያዘ ተማሪ የሚያውቀውን እንኳ እንደማይመልስ በየቀኑ የምናየው ነው። መጽሐፉን እኛ ጨርሰን ተማሪው ካልጀመረው ጨርሰናል ማለት አይቻልም። እኔ እያንዳንዱን ቁራጭ ፊልም ከመጽሐፉ አንድ ምዕራፍ ጋር አያይዘዋለሁ፤ ከሳምንቱም አንድ ክፍለ ጊዜ እንጂ ከዚያ በላይ አልወስድም።

ሦስተኛው የአነጋገር ነገር ነው። «የማንን እንግሊዝኛ እናሰማቸው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የእንግሊዙንና የአሜሪካኑን ብቻ ካሰማናቸው ተማሪዎቻችን የራሳቸውን አንደበት ይንቃሉ። ስለዚህ የአትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቆችም አሰማቸዋለሁ። የእኛን አነጋገር ይዞ፣ ሳያፍር፣ ዓለም እየተረዳው የሚናገር ኢትዮጵያዊ መስማት ለገጠር ልጅ የሚሰጠው ድፍረት በማንኛውም ሰዋስው የሚገኝ አይደለም።

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፤

ይህን ሁሉ የምናገረው ትምህርት ራሱ በተቸገረበት ዘመን መሆኑን አልረሳሁም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ተማሪዎችም ዓመታት አምልጠዋቸዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ወደ ክፍል የሚመለስ ልጅ ካቆመበት እንጂ መጽሐፉ ከደረሰበት ሊጀምር አይችልም። ለእርሱ የሚያስፈልገው የሚቸኩል ትምህርት አይደለም፤ የሚጠብቀው ትምህርት ነው። የማቆም ጥበብ ከምንጊዜውም ይልቅ ዛሬ ያስፈልገናል የምለው ስለዚህ ነው።

ለማኅበራችን ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ አባላት በክፍላቸው የሞከሩትን አጫጭር ቁራጭ ፊልም፣ እንዴት እንዳስተማሩበት ከሚገልጽ አንድ ገጽ ማስታወሻ ጋር እንዲለዋወጡ፣ ማኅበሩም በሚሞሪ ካርድ እያባዛ ለገጠር ትምህርት ቤቶች እንዲያደርስ ነው። ሁለተኛው፣ በመምህራን ሥልጠና ላይ መሣሪያውን መክፈት ብቻ ሳይሆን የት ላይ ማቆምና ምን ብሎ መጠየቅ እንደሚገባ ትምህርት እንዲሰጥ ነው። ሦስተኛው፣ ወደፊት በማንኛውም አዲስ መሣሪያ ትምህርት ሲታቀድ፣ ማኅበራችን አስቀድሞ አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብ ነው፤ «ተማሪ እጁን ሲያወጣ መምህሩ ሊያቆመው ይችላልን?» መልሱ «አይችልም» ከሆነ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ ሥዕሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለቋንቋ ትምህርት አይሆንም።

ያቺ የማንጎ ተክል ያለበት ቀበሌ ልጅ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ምናልባት የራሷ ልጆች አሉ፤ ምናልባትም አንድ ቀን ከእኛ ከአንዳችን ክፍል ይመጡ ይሆናል። ከኋላ ተርታ ተቀምጠው፣ ሥዕሉ እየሄደ ሳለ እጃቸውን ያወጡ ይሆናል። እባካችሁ ያን ጊዜ ሥዕሉን አቁሙላቸው።